ሄለን የምትባል ሴት

ሐረር ውስጥ የግሪክን አማልክት በስምና በዘር ሐረግ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ማን ነው ቢባል፣ ከጀጎል ግንብ ውስጥም ከውጭም፣ መልሱ መምህር ሳህሉ ነው። ሁለተኛ የለውም፤ ሁለተኛ እንዲኖረውም ማንም ተመኝቶ አያውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ኮቱን በበጋም የማያወልቅ ሰው ነው። ቤቱ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ፣ ቅድመ አያቱ ከሠራዊት ጋር መጥቶ በቀረበት ግቢ ውስጥ ነው። ሰፈሩ መንገድ ላይ ሲያገኘው «ጋሽ ሳህሉ፣ ዛሬስ ዜውስ ምን አሉ?» ይለዋል። ዜውስን አንቱ የሚል ሰፈር በዓለም ላይ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ የጀመረው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ፣ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የግሪክ ተረቶች መጽሐፍ አገኘ። መዝገበ ቃላት ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ክረምቱን ሙሉ አነበበው። እኩዮቹ ኳስ ሲያባርሩ እሱ ድንጋይ ወደ ተራራ ለሚገፋው ሰው፣ እሳት ሰርቆ ጉበቱን አሞራ ለሚበላው፣ ወደ ኋላ ዞሮ በማየቱ ሚስቱ ሙታን ዘንድ ለቀረችበት ሲያዝን ከረመ። ከዚያ ወዲህ የጻፈው ግጥም ሁሉ በእነሱ ስም ተሞላ። የአገሩን ስሞች ብዙ ሰው ዘፍኖባቸዋል፣ ብዙ ሰው ምሎባቸዋል፤ ከሩቅ የመጣ ስም ግን ንጹሕ ነው፣ የፈለጉትን ቢቋጥሩበት ይይዛል ይል ነበር።

የታሪክ መምህሩ ኤልሳዕ፣ ብቸኛ ወዳጁ፣ «ምነው የኛ ሰው አለቀብህ?» እያለ ዕድሜ ልኩን ሞግቶታል። ሰሚው ደግሞ አይሟገትም፤ በራሱ መንገድ ይረዳል። ሳህሉ ስለ እሳት ሰራቂው ስለ ፕሮሜቴዎስ ግጥም ያነበበ ዕለት አንዲት የሰንበቴ እናት ቀረብ ብለው «ልጄ፣ የጻድቁ በዓላቸው በስንት ቀን ይውላል?» ብለው ጠየቁት። ስሙ በ«ዎስ» ካለቀ ጻድቅ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው። ሳህሉ ይህን ባወራ ቁጥር በሳቅ ይፈርስ ነበር። መሳቁ ነው የጎዳው። ሰው የማያውቀውን ስም ሲሰማ በሚያውቀው ስም እንደሚተረጉመው እኚያ ሴትዮ በነጻ ነግረውት ነበር፣ አልሰማም።

ሚስቱ ጽጌ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ሲንጀሯ መስኮቱ ሥር ሲንቀጫቀጭ ይውላል። ጨርቁን የምታመጣላት መብሩካ ናት፤ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ዳር ሱቅ ያላት የሐረሪ ሴት። በሥራ ተገናኝተው እህትማማች ሆኑ። ጽጌ ቃል አታባክንም፤ የምትናገረውን እንኳ ግማሹን ትውጠዋለች።

ሳህሉ ይወዳት ነበር። ይህ እዚህ ላይ በግልጽ መባል አለበት፣ ምክንያቱም እሱ ብሎት አያውቅም። ያደገው አባት የሚስቱን ስም በሰው ፊት በማይጠራበት ቤት ነው፤ አባቱ እናቱን «እሷ» ነበር የሚሏት፣ ሲቀብሯትም «እሷ» ብለው ነው ያለቀሱላት። ሳህሉ ተምሯል፣ ዘምኗል፣ ግን አንደበቱ እዚያው ቀርቷል። ለሚስቱ ግጥም ሊጽፍ ሲነሣ ስሟ አሳፈረው። ለራሱ የሰጠው ምክንያት ሌላ ነው፤ ጽጌ ማለት አበባ ነው፣ አበባን ካህናቱ ለእመቤታችን ጨርሰውታል፣ የተረፈውን ዘፋኙ ለቅሞታል ብሎ ተከራከረ። ከዚያም መጽሐፉን ገልጦ ከሴቶች ሁሉ የተዋበችውን፣ መርከብ የዘመተላትን፣ ከተማ የነደደላትን ሴት ፈለገ። ስሟ ሄለን ነው።

ግሪክ አገር ያለውን አናውቅም። ሐረር ውስጥ ግን ሄለን ማለት ጎረቤት ናት። ሄለን ፀጉር ትሠራለች፣ ሄለን ባንክ ቤት ተቀምጣለች፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሄለን ትኖርና አንዷ ስትጠራ ሦስቱም አቤት ይላሉ። በየማለዳው ስም የሚጠራ መምህር ይህን ሊስተው አይገባም ነበር። ሳተው።

በ1987 ዓ.ም. አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በአዲሱ ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ግጥም ይነበባል ተባለና ሕዝቡ ጢም ብሎ ሞላ። ጽጌ ራሷ በሰፋችው ሰማያዊ ቀሚስ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ከተጋቡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። ሳህሉ ወረቀቱን ዘረጋና፣

ሄለን በአንቺ ምክንያት ከተማው ነደደ፣
ግንቡ በሩን ከፍቶ እሳቱን ወደደ።

ሲል አዳራሹ ተነሣ። ሐረር ውስጥ ግንብ ሲባል ጀጎል ነው፣ በር ሲባልም ከአምስቱ አንዱ ነው፤ ትሮይ የምትባል ከተማ ለማንም ትዝ አላለችውም። ጭብጨባው ሲበርድ ቀጠለ፦

ባልሽ ጦር ቢመዝም እኔ አልመልስሽም፣
አሥር ዓመት ቢከቡኝ አሳልፌ አልሰጥሽም።

እዚህ ላይ ሴቶቹ አንድ በአንድ ዞረው ጽጌን አዩዋት። ባለትዳር የሆነች፣ ሳህሉ በየቀኑ የሚያገኛት ሄለን በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንዲት ነበረች፤ ግጥሙን በጽሕፈት መኪና የመታችለት የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፣ የሹፌር ሚስት፣ ጽጌም ሳታገባ ጀምሮ የምታውቃት። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ሳህሉ ሰሙን ከባሕር ማዶ አምጥቶ ወርቁን ለሚስቱ ቀብሮላት ነበር። የእኛ ሰው ደግሞ ወርቅ በመፈለግ ማን ይችለዋል፣ ቆፍሮ አገኘ። ያገኘው ግን ሳህሉ የቀበረውን አልነበረም።

ግጥሙን አንድ የሰፈር ዘፋኝ ዜማ አበጀለትና የሰርግ ዘፈን ሆነ። ጸሐፊዋ ሄለንና ባሏ በዚያው ዓመት ድሬዳዋ ወረዱ፤ ሰው ተዛወሩ ሲል ሳህሉም ተዛወሩ አለ። «ሄለን ማን ናት?» ላለው ሁሉ አንድ መልስ ነበረው፦ ገጣሚ ግጥሙን አያብራራም። ይህን ሲል ፈገግ ይላል። ሰው ሚስጥር ያለው ሲመስል ደስ ይለዋል፤ ሳህሉም ሰው ነው፣ ያ ደስታ አልቀረበትም። ጽጌ ከዚያ እሑድ ወዲህ ግጥም የሚነበብበት ቦታ ረግጣ አታውቅም። እሱም ሚስቴ ግጥም አትወድም ብሎ ፋይሉን ዘጋው።

እንዲህ ሆኖ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። አንዲት ልጅ፣ ገሊላ፣ ተወልዳ አድጋ ተዳረች፤ በእሷም ሰርግ ያ ዘፈን ተዘፈነ፣ ጽጌም አጨበጨበች።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ጽጌ ጎኔን አለች። ሐኪሞቹ ጉበቷ ላይ ያገኙትን ነገር ለሳህሉ ለብቻው ነገሩት፤ ወደ ቤት ይውሰዷት፣ ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው አሉት። ገሊላ ሥራዋን ትታ መጣች። መብሩካ በየቀኑ ከግንቡ ውስጥ እየወጣች፣ ሾርባዋን በሳህን ሸፍና ይዛ ትመጣና በቢስሚላህ አንድ ሁለት ማንኪያ ታጎርሳታለች። ሲንጀሩ መስኮቱ ሥር ዝም አለ። ሳህሉ አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ሙታን ምድር፣ ስለ ጀልባ ቀዛፊው፣ ስለ ጥቁሩ ወንዝ ሲጽፍ ኖሮ፣ ሞት ቤቱ ሲገባ አንዲት ቃል አላበደረውም።

በሁለተኛው ሳምንት የንስሐ አባቷ ቄስ ተክለጻድቅ መጡ። ከእሷ ጋር ቆይተው ሲወጡ ሳህሉን ግቢው ውስጥ ወደ ጥግ ወሰዱት። ሥጋ ወደሙ እንድትቀበል ለሚቀጥለው እሑድ ሊያዘጋጇት ፈልገው ነበር፤ እሷ ግን እንቢ ብላለች። ቂም ይዣለሁ፣ ቂም ይዤ አልቀበልም ነው የምትለው። በማን እንደሆነ አባ አልተናገሩም፤ መናገርም አይችሉም። «ጊዜ የለንም፣ ልጄ። የያዘችውን አስለቅቃት» ብለውት ሄዱ።

ሳህሉ ነገሩን ከሁሉም አቅጣጫ አገላበጠው። ጽጌ ከማንም ተጣልታ አታውቅም። ከጎረቤት ጋር የውሃ ተራ ጠብ እንኳ የላትም። ገሊላን ጠየቃት፤ ገሊላ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ወደ ማጀት ገባች። በማግስቱ መብሩካ ሾርባውን አድርሳ ስትወጣ በር ላይ ያዛት።

መብሩካ መጀመሪያ አልናገርም አለች። ከዚያ የያዘችውን ባዶ ሳህን መሬት አስቀምጣ፣ «ጋሽ ሳህሉ፣ ወላሂ አፌን ሰፍቼ ነው የኖርኩት» አለችው። «በሄለን ምክንያት ነው። በዚያች ጸሐፊ። ጽጌ እኔ ቤት እየመጣች ስንት ዓመት እንዳለቀሰች አላህ ያውቃል።»

ሳህሉ ሳቀ። እፎይታ ነበር፣ ሌላ አይደለም፤ ይህችን ከሆነማ በአንድ ዓረፍተ ነገር አበቃላት ብሎ ነው የሳቀው። መብሩካ ግን ያየችው ሚስቱ አልጋ ላይ ሆና የሚስቅ ባል ነው። ሳህኗን አንሥታ ሳትሰናበተው ወጣች።

ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሄለን የምትባል ሴት የለችም አላት፤ ተረት ናት፣ የግሪክ ተረት፣ ውብ ስለነበረች አገር ለአገር የተዋጉባት። ባሏም የተረቱ ባል ነው፣ ከበባውም የተረቱ ከበባ ነው። በመጨረሻም ትልቁን ነገር ተናገረ፦ «ሄለን አንቺ ነሽ።»

«እኔ ጽጌ ነኝ» አለች።

ከዚያ ያን እሑድ አስታወሰችው። ከአዳራሹ ሲመለሱ፣ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ሄለን ማን ናት ብላ ጠይቃው ነበር። እሱ ጭብጨባው ገና ጆሮው ውስጥ እያለ «ተይው፣ አይገባሽም» ብሏታል። ሳህሉ ይህን ፈጽሞ ረስቶት ነበር፤ አሁን ስትነግረው ግን የራሱን ድምፅ ሰማው። ቃሉ ሁለት ፊት አለው። እሱ ትምህርትሽ አይደርስበትም ማለቱ ነበር፣ እሱም ቢሆን ነውር ነው። እሷ የሰማችው ግን እንዲህ ያለ ፍቅር ለአንቺ የሚገባ አይደለም የሚለውን ነው። ቅኔ አስተማሪ ነኝ የሚል ሰው ቃሉን ሳይመዝን አፉ ላይ እንደመጣለት ወረወረው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሳህሉ ተስፋ አልቆረጠም፤ መጽሐፉን አወጣ። ከቤተ መጻሕፍት ተሰርቆ የቀረውን ያንኑ መጽሐፍ፣ ገጹ ብጫ የሆነውን፣ የሄለን ሥዕል ያለበት ላይ ገልጦ ፊቷ አቆመው። ጽጌ እንግሊዝኛውን አታነብም። ሥዕሉን አየችና አንገቷን ነቀነቀች። «የግሪኳማ እሌኒ ናት» አለች። «ንግሥት እሌኒ፣ መስቀሉን ያወጣችው። በቅድስት ስም አትሸፋፈን፣ ሳህሉ።»

እሌኒና ሄለን አንድ ስም እንደሆነ፣ ወደ ግእዝ ሲገባ እንዲህ እንደተለወጠ ያውቃል። ግጥሙን ሲጽፍም እሌኒ ልበላት ብሎ አስቦ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይሸታል ብሎ ሰርዞታል። ይህን ላስረዳት ብሎ አፉን ከፈተ። ፊቷን አይቶ ዘጋው።

ኤልሳዕን አመጣ። ሽማግሌው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ተረቱ እውነት መሆኑን፣ ማለትም ተረት መሆኑ እውነት መሆኑን፣ ሲያስረዳ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ጽጌ በትህትና አዳመጠችው፣ ስለመጣህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለችው። ሲወጣ ለገሊላ «ጓደኛ ለጓደኛው ነው» አለቻት። ገሊላ ደግሞ እናቷን አላረመቻትም። ያን ጊዜ ሳህሉ ልጁም ታምን እንደነበር ገባው። ነገሩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በገዛ ቤቱ ውስጥ፣ ከራሱ በቀር ሁሉም የሚያውቃት ሴት ነበረች።

እሑድ አራት ቀን ቀርቶታል። ጽጌ ከዚያ በኋላ ሌላ እሑድ እንደማታይ ማንም ሳይነግረው አወቀ። ሳትቆርብ፣ በእሱ ምክንያት፣ በአንድ ስም ምክንያት ልትሄድ ነው። ይህን ሲያስብ ግቢው ውስጥ ወዲህ ወዲያ እያለ ለራሱ ያወራል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ሳህሉም ሚኒባስ ተሳፍሮ ድሬዳዋ ወረደ፣ ሄለንን አምጥቶ ሊያስምል።

አድራሻዋን ከድሮ ባልደረቦች ለቃቅሞ ነው የሄደው። አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባና፣ ከማሽኑ ኋላ ቆማ ወረቀት የምታስተካክል መነጽራም ሴት አግኝቶ «ሄለን የምትባል ሴት እዚህ ትገኛለች?» ብሎ ጠየቀ። «እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሳህሉ» አለችው። አላወቃትም። ሰው ሁሉ ሲያማው የኖረባትን ሴት፣ ፊት ለፊት ቆሞ፣ አላወቃትም።

ወንበር ሰጠችው። የመጣበትን ሲነግራት ሳታቋርጠው ሰማች፣ ከዚያ የራሷን ነገረችው፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። ባሏ በዚያ ሳምንት ጠይቋት ነበር። በልጇ ማለች፣ በመድኃኔ ዓለም ማለች። አላመናትም፤ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ ሳህሉን ጠየቀው። «ምን እንዳሉት ያስታውሳሉ?» አለችው። ሳህሉ አላስታወሰም። «ግጥም አይጠየቅም አሉት። ፈገግ ብለው።» ድሬዳዋ በመጡ በሁለተኛው ዓመት ባሏ ትቷት ሄደ። ልጇን ለብቻዋ አሳደገች።

ሳህሉ ይቅርታ ሊል ጀምሮ አልጨረሰውም። ከዚያ በዚያው አንደበቱ ሐረር ትመጪልኛለሽ ወይ አላት። ራሱንም ጠላው፤ ግን አላት።

«እኔ ብመጣ አታምነኝም» አለች ሄለን። «እኔ ምዬ ምዬ አይቼዋለሁ። እውነቱን ማን ፈለገው ጋሼ። እሷ የምትፈልገው ይቅር ማለት ነው። ይቅር የምትለውን ነገር ይስጧት።»

ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች አንድ ሽማግሌ ኮቱን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይተዋል። አንዲት ሴት ውሃ ሰጠችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ገሊላን ወደ መብሩካ ላካት። በርጩማውን ወደ አልጋው አስጠጋ። የጽጌ እጅ ከብርድ ልብሱ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ያዘው። ዕድሜ ልኩን በሌላ አፍ ሲናገር የኖረ ሰው ነው፤ እውነትን ለመናገር የተዋሰው ስም ውሸት ሆኖበት፣ አሁን በራሱ አፍ፣ ያለ ምንም ተረት፣ ውሸት ሊናገር ነው።

«ነበረች» አላት።

ጽጌ ዓይኗን ከደነች። ከደረቷ የወጣው ትንፋሽ ከባድ ጭነት ያወረደ ሰው ትንፋሽ ነበር። ስንት ጊዜ ቆየ ብላ ጠየቀችው፤ አንድ ዓመት አላት። ልጅ አላችሁ ወይ አለችው፤ የለንም አላት። እነዚህን ጥያቄዎች ስንት ዓመት አሰልፋ እንደያዘቻቸው ከአጠያየቋ ያስታውቅ ነበር፤ አንዱንም አልፈለገችውም፣ እንደ ዳዊት ነው የወጡላት። ሲያበቁ «ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «ለእሷም ይቅር ብያለሁ። ካገኘሃት ንገራት።» እንባዋ ወረደ፣ ፊቷ ግን ሳህሉ ለወራት ያላየውን ዕረፍት አገኘ። እሱ እጇን ግንባሩ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እሷ የንስሐ ለቅሶ መሰላት፣ ራሱን ዳበሰችው።

እሑድ ጠዋት በሰው መኪና ቤተ ክርስቲያን ወስደዋት፣ በገሊላና በጎረቤት ተደግፋ ሥጋ ወደሙ ተቀበለች። ሳህሉ ወደ ቅጥሩ አልገባም፤ ውጭ፣ ግንቡን ተደግፎ ቆየ። ውሸቱን ለቄስ ተክለጻድቅ ሊነግራቸው ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ነግሬያቸው ቢከለክሏትስ የሚል ፍርሃት ነበረው፤ ባይከለክሏትም የእሷ ይቅርታ ባልተሠራ ኃጢአት ላይ ፈሶ መቅረቱን መስማት አልቻለም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው እግር ድረስ ደረሰች። ጽጌ ቀለል ብሏት ነበር፣ በትራስ ተደግፋለች። ገሊላ ግቢ ውስጥ ታጥባለች። ድንገት፣ እንደ ዋዛ፣ «እስቲ ንገረኝ» አለችው። «ምን ነበራት? አሁን አልቀየምም።»

ሳህሉ ስለዚያች ጸሐፊ የሚያውቀው አንድም ነገር አልነበረም። ነገር ግን ያን ጊዜ ሌላ ነገር ታየው፤ አንድ የመጨረሻ መንገድ አገኘሁ አለ። ያለ ሄለን፣ ያለ ትሮይ፣ እሷን ራሷን ይነግራታል፣ ራሷን ታውቃለች፣ ሁሉም ነገር ይገባታል። በአንድ አፍታ ሃያ ዘጠኙ ዓመት ይቃናል። ጀመረ።

ማጅራቷ ላይ፣ ከፀጉሯ ሥር፣ ትንሽ ማርያም የሳመቻት ምልክት አለ አላት፤ እሷ አታውቀውም፣ ከኋላዋ የሚሄድ ሰው ብቻ ነው የሚያየው። ጀጎል ውስጥ በጠባቡ መንገድ ስንሄድ ለመጣው ሁሉ መንገድ እየለቀቀች ከግድግዳ ትጣበቃለች፣ የግድግዳው ኖራ ትከሻዋ ላይ ይቀራል፤ ቀኑን ሙሉ ይዛው ትውላለች፣ እኔም ደስ ስለሚለኝ አልነግራትም። ስትስቅ አፏን ሳይሆን ዓይኗን ነው የምትሸፍነው። እንቅልፍ ሲወስዳት ቀኝ እጇ ይከፈታል፤ ስንት ጊዜ ጣቴን እዚያ ላይ አድርጌ ስትጨብጠው ሳልተኛ አንግቻለሁ። አላቆመም፤ ይህን ሁሉ ማወቁን ራሱም አያውቅም ነበር። በመጨረሻ፣ እንዳትስተው ብሎ፣ «ክር መርፌ ውስጥ ስታስገባ ትንፋሿን ትይዛለች» አላት። ቀና ብሎ ዓይኗን ጠበቀ።

«ሙያም ነበራት ማለት ነው» አለች ጽጌ።

«ጽጌ፣» አለ፣ «ማን እንደሆነች አላወቅሻትም?»

«እንዴት አላውቃት። ከአንተ በፊት እኮ ነው የማውቃት።»

እጇን ከእጁ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣች፤ በቁጣ አልነበረም፣ ደክሟት ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ሳህሉ የተኛች መስሎት ብርድ ልብሱን ሊያለብሳት ጎንበስ ሲል፣ ለራሷ ያህል፣ በጣም በዝግታ ስትናገር ሰማት።

«ታድላ።»